ትንፋሽ ለሩጫ፣ ትንፋሽ ለለቅሶ

የእናቴ ታላቅ ወንድም የአያቴን መርዶ ይዞ ከደጋው ከጨንቻ ወደኛ ቆላ፣ ወደ ሲቀላ ሲወርድ በእጁ አንድ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ነበር። ዘመኑ የዘጠናዎቹ መባቻ ነው። መስቀል በደጅ ስለነበር ከመርዶው ጋር የበዓሉን ላምባ ገዝቶ መመለስ ነበረበት። ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ክዳኑ ግን ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። በረንዳችን ላይ ሲያስቀምጠው ሁለት ጎኖቹ ወደ ውስጥ ሰርጉደው፣ አንድ ጉልበተኛ በመዳፎቹ መሃል የጨመቀው ይመስል ነበር።

«ምን ነካው?» አልኩት።

«ጨንቻ ስዘጋው ደህና ነበር» አለ። «የእናንተ አገር አየር ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሁልጊዜ ነው።»

ከዚያ ወደ ቤት ገባና ለእናቴ አባቷ መሞቱን ነገራት።

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ በተወለደችበት ደጋ በመስቀል ሰሞን አይለቀስም። በዚያ ሰሞን የሞተ ሰው በዝምታ ይቀበራል፤ ለቅሶው በዓሉ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አያቴም ተቀብሮ ነበር። የሚለቀስለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

አጎቴ እንባዋን እስክትጠርግ ጠበቃትና፣ «ሰው ይዘሽ ትገቢያለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«እገባለሁ። የእድሩ ሰው አለ፤ የሰፈር ሸማኔዎችም አሉ።»

«ሰው መኖሩንማ አውቃለሁ። ማን ይመራልሻል?»

 ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር። በእናቴ ወገኖች፣ በጋሞዎች ደንብ ለቅሶ የሚካሄደው በሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ወገን በየራሱ ጭፍራ ሆኖ፣ ጦርና ዱላ ይዞ፣ እየሮጠ ይገባና ሜዳውን ይዞራል። ያገባች ሴት ልጅም አባቷ ሲሞት የራሷን ጭፍራ ይዛ መግባት አለባት። ጭፍራዋን የሚመራው ባሏ ወይም ወንድ ልጇ ነው። መሪ ከሌላት ከጎረቤቶቿ ጋር እየተራመደች ትገባለች። ማንም አይወቅሳትም። ግን ይታወሳል፤ «የእገሌ ልጅ ቆላ ወርዳ ሰው አጣች» ይባላል፤ ልጅ ለልጅ ይተላለፋል።

አባቴ ድልድይ ሊሠራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ ሕፃን ሳለሁ ሞቷል። እናቴ ያላት ወንድ እኔ ብቻ ነኝ።

አጎቴ ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ይኼው ነው እንግዲህ ያለን። ደረቱ አሁንም ያፏጫል?»

«አይሮጥም!» አለች እናቴ ፈጥና። «እየተራመድን እንገባለን።»

«እየተራመድሽ?»

«አዎ፣ እየተራመድኩ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኛ አገር ወደ ለቅሶ ሜዳ ተራምዶ የሚገባው በሬው ነው። እሱም ሊታረድ ነው።»

ይህን ብሎ ላምባ ሊገዛ ወጣ። በረንዳው ላይ የጀሪካኑን ክዳን ሲከፍተው «ፍስስ» የሚል ድምፅ ተሰማና የተሰረጎዱት ጎኖች «ዷ» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እናቴ ውስጥ ያለ ድምፅ ታለቅሳለች፤ እኔ የጀሪካኑን አፍ እያየሁ ቆሜያለሁ። አየሩ የገባው ከውጭ ወደ ውስጥ ነበር። ለምን?

ስለ ደረቴ ልንገራችሁ። በልጅነቴ አስም ነበረብኝ። ሌሊት ሌሊት ከደረቴ የሚወጣው ፉጨት እናቴን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳት ነበር። ተነስታ ጆሮዋን በጀርባዬ ላይ አድርጋ፣ ፉጨቱ ከግራ ይሁን ከቀኝ ታዳምጣለች። አንድ የጤና ባለሙያ «አይሩጥ» ብሏት ስለነበር አልሮጥኩም። ሌሎች ኳስ ሲያሳድዱ እኔ የኳሷን ስፌት እቆጥር ነበር። ሕመሙ ወደ ጉርምስናዬ ስጠጋ ራሱ ተወኝ፤ ያለመሮጥ ልማዱ ግን ቀረ። የሮጠ ሰው ምን እንደሚሰማው የማውቀው ሌሎችን በማየት ብቻ ነበር።

ከአያቴ የማስታውሰውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ጊዜ እናቴ ጨንቻ ወስዳኝ ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ሲያጥር፣ አያቴ አዝሎኝ ወጣ። ጆሮዬ በጀርባው ላይ ተለጥፎ ትንፋሹን እሰማ ነበር። እሱ ሽማግሌ ነው፤ ዳገት ይወጣል፤ እኔን ተሸክሟል። እኔ ደግሞ ተሸካሚ አለኝ፤ ምንም አልሠራም። ታዲያ ቶሎ ቶሎ የምተነፍሰው እኔ ነበርኩ። እሱ እርምጃ ባነሳ ቁጥር በአፍንጫው «እምም» እያለ አየሩን ቀስ አድርጎ ያስወጣል። ያን «እምም» እስከ ዛሬ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

ያኔ የምሠራው ሲቀላ ገበያ አጠገብ በሚገኝ የብስክሌት መጠገኛ ነበር። ትምህርቴን አሥረኛ ላይ አቁሜ ነው የገባሁት። የመጠገኛው ባለቤት ቦርጩ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚገባ፣ በወጣትነቱ ለከተማው ኳስ ተጫውቻለሁ የሚል፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። እኔ አላወራም፤ እሱ ለሁለታችንም ያወራል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮች የገዛኋቸውን ሽፋን የሌላቸው የትምህርት መጻሕፍት አነባለሁ። ከነሱ አንዱ ስለ ሰው አካል የሚያስተምር ነበር።

ከመርዶው ማግስት መጽሐፉን ሳንባ የሚለው ምዕራፍ ላይ ገልጬ ተቀመጥኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩ። ሰው ሲሮጥ ጡንቻዎቹ ኦክሲጅን ያቃጥላሉ፤ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ደም ይለቃሉ። አንጎልን «ተንፍስ! ተንፍስ!» እያለ የሚያጣድፈው በአብዛኛው የኦክሲጅኑ ማነስ ሳይሆን የዚህ የተቃጠለ አየር መብዛት ነው። ይህ አስገረመኝ። እኔ እስከዚያች ቀን ያለከለከ ሰው የሚጮኸው አየር እንዲገባለት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚጮኸው እንዲወጣለት ነው።

የጎማ ቀዳዳ የምንፈልግበትን ሰፊ ሳፋ ውኃ ሞላሁ። አንድ ጀሪካንም እስከ አፉ ሞልቼ ሳፋው ውስጥ ደፋሁት። በጀሪካኑ አፍ ቀጭን ጎማ አስገብቼ፣ ደረቴ እስኪሞላ ስቤ፣ አንጀቴ እስኪጣበቅ ነፋሁ። ትንፋሼ ውኃውን እየገፋ ላይ ተጠራቀመ። የደረሰበት ላይ በከሰል ምልክት አደረግኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ።

«ሳንባዬ ስንት እንደሚይዝ እያየሁ ነው።»

«ቀዳዳ ካለው ንገረኝ፤ ማስቲሽ አለን።»

ከዚያ ጀሪካኑን እንደገና ሞልቶ ራሱም ጎንበስ ብሎ ነፋ። ትንፋሹ እኔ ምልክት ላይ ሊደርስ ብዙ ቀረው። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቀና አለና ጎማውን ወረወረው። «ይኼ ጎማ ተቀዷል» አለ። «ኳስ ተጫዋች ነበርኩ እኮ፣ አንተ ልጅ!»

ያቺ ምልክት ነገር አሳሰበችኝ። ሳንባዬ እንደ ማንኛውም ሰው ሳንባ ይይዛል። ታዲያ ያልሠራው ሳንባዬ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ሴቻ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ወጥቼ አንድ ወጣት ጤና ረዳት ደረቴን እንዲያዳምጥ ጠየቅኩት። ረጅም ጊዜ አዳመጠኝ። «አሁን ንጹሕ ነው» አለ። «ምን ልትሆን ነው?»

«ለቅሶ ልሮጥ ነው።»

ሳቀ፤ ከዚያ የደጋ ልጅ ስለነበር ገባው። «ስማ» አለኝ፣ «በድንገት አትነሳ፤ በድንገትም አትቁም። አንተን መሳዩን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያፍነው ሩጫው ሳይሆን ከሩጫው በኋላ ያለው ዕረፍት ነው። ብርድ ካለ አፍህን በጨርቅ ሸፍን። ካፏጨ ግን ትተወዋለህ፤ ጀግንነት የለም።» ለክፉ ቀን የምትሆን ክኒንም ሰጠኝ፤ አወሳሰዷንም አስረዳኝ።

በማግስቱ ጀመርኩ። ወደ አባያ ሐይቅ የሚወስደው የእግር መንገድ ሜዳ ስለሆነ በሱ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። ገና መንደሩን ሳልወጣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ጎኔን ውጋት ያዘኝ፤ ልቤ በጆሮዬ ውስጥ ትመታ ጀመር። ቆሜ ጣቴን አንገቴ ላይ አደረግኩ። የደም ሥሬ እንደ ታሰረ ወፍ ይራወጣል። ዓሣ ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡ ሁለት ሰዎች አዩኝ።

«ማነው የሚያባርርህ?» አለኝ አንዱ።

«ማንም።»

«ማንም ሳያባርርህ እንዲህ ከሆንክ፣ ጉማሬ ሲወጣብህማ እዚያው ነው የምትቀረው።»

እውነቱን ነው። ግን ያ ሁሉ ነገር በሰውነቴ ውስጥ ሲሆን እኔ ከመፍራት ይልቅ ደስ እያለኝ ነበር። በመጽሐፉ ያነበብኩት ሁሉ በቆዳዬ ሥር እየተከናወነ ነው። ላብ ከግንባሬ በፊት ከላይኛው ከንፈሬ ላይ እንደሚጀምር አየሁ። ጆሮዬ ከፊቴ በፊት እንደሚግል አየሁ። ውጋቱ የሚብሰው ቁርስ ከበላሁ ነው፤ ጎንበስ ብዬ አየሩን ሙልጭ አድርጌ ሳስወጣ ደግሞ ይለቃል። ከሁሉ የገረመኝ ግን መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ጭንቅ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። «አሁንስ በቃኝ» የሚያሰኝ አንድ ቦታ አለ። ሳይቆሙ፣ ቀስ ብለው፣ ያን ቦታ ካለፉት ሰውነት አንድ የተዘጋ በር እንደከፈተ ሁሉ ትንፋሹ ይስተካከላል። በልጅነቴ ያ በር ጋ ደርሼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከበሩ ወዲህ እናቴ ትጠራኝ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት ጀመርኩ። እዚያ ያለው ሰው ወሬኛ ነው። የሚኒባስ ረዳቶች በመስኮት ወጥተው «ሴቻ! ሴቻ! አንድ ሰው! ግባ እንጂ፣ ሂሳብ በኋላ!» ይሉኛል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቆመው ያሳልፉኛል፤ አንዷ «እንጨቱን ያዝልኝና ሩጥ፣ ልጄ፤ ከሮጥክ አይቀር» አለችኝ። ዳገቱ ላይ የአያቴን «እምም» ሞከርኩት። ለመሳብ አልጨነቅም፤ ለማስወጣት ብቻ እጠነቀቃለሁ። አየሩን ጨርሼ ካስወጣሁት መግባቱን ራሱ ያውቅበታል፤ ልክ የተጨመቀ ጀሪካን ስንለቀው ተመልሶ እንደሚሞላ። ያ ሽማግሌ ይህን ከማንም መጽሐፍ አላነበበም፤ እኔም መጽሐፉን ባላነብ ኖሮ ያደርግ የነበረው ነገር ባልገባኝ ነበር።

ልቤም እየተማረ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከሩጫ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጎማ መለጠፍ ስጀምር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማስቲሹ ከጥገናው ወጥቶ ይፈሳል። በሦስተኛው ሳምንት ገና ሱቁን ሳልከፍት ልቤ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

እናቴ የምሮጠውን ከጎረቤት ሰማች። አንድ ጠዋት ስመለስ ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።  አዞረችኝና፣ ላቤ ሸሚዜን እንዳጣበቀው፣ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አደረገች። ቁመቴ ስለበለጣት ጎንበስ አልኩላት። መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፣ ከዚያ ከታች።

«ተንፍስ» አለች።

ተነፈስኩ።

«እንደገና።»

ደጋግሜ ተነፈስኩ። ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። «አያፏጭም» አለች፤ ያመነች አትመስልም። «ማን አስተማረህ?»

«አያቴ» አልኳት።

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። መስቀል ገና አልወጣም ነበር። ከዚያ «እንሮጣለን በላ» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ፤ «ከፊት አንተ ነህ።»

የለቅሶው ቀን አንድ አይሱዙ ተከራይተን ወጣን። ከኋላ የእድሩ ሰዎች፣ የሰፈራችን ሸማኔዎች፣ እኔና እናቴ፤ ከሾፌሩ ጎን ደግሞ የመጠገኛው ባለቤት፣ «እኔ ቦርጬን ይዤ ከኋላ አልጫንም» ብሎ። እናቴ ግማሽ ውኃ ያለበት ጀሪካን ይዛለች፤ ከትልቁ መንገድ ተገንጥለን ተራራውን መውጣት ስንጀምር በእግሮቼ መሃል አደረግኩት። ቆላው ሙዝና ሙቀቱን ይዞ ከታች ቀረ፤ ሁለቱ ሐይቆች ከኋላችን እየጠበቡ ሄዱ። ቀርከሃው ሲጀምር ብርዱ መጣ። ጉልበቴን የሆነ ነገር ሲገፋኝ ወደ ታች አየሁ። የጀሪካኑ ጎኖች ተነፍተዋል፤ የሞላ ጎማ መስለዋል። ክዳኑን ትንሽ ላላ ሳደርገው አየሩ «ፍስስ» ብሎ ወጣ። የአጎቴ ጀሪካን ሲወርድ ተሰረጎደ፤ የኛ ሲወጣ ተነፋ።

በጣቴ ጎኑን መታ መታ እያደረግኩ አሰብኩ። ታች ያለው አየር ጥቅጥቅ ብሎ ይጫናል፤ ላይ ያለው ስስ ነው፤ አይጫንም። ከሲቀላ የያዝነው አየር እዚህ ሲደርስ የሚይዘው አጥቶ ተዘረጋ። ስለዚህ እዚህ አንድ ሳንባ ሙሉ ስስብ የማገኘው ከሲቀላው ያነሰ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳንባዬን ያለማመድኩት በወፍራም አየር ነበር። መርዶው ቀን ያ ጀሪካን በረንዳችን ላይ ይህንኑ ሲነግረኝ እኔ አፉን ብቻ እያየሁ ቆሜ ነበር።

ለእናቴ አልነገርኳትም።

ከሜዳው በታች መኪናው ቆመ። ከላይ የብዙ ሰው ድምፅ እንደ ወንዝ ይሰማል። ጤና ረዳቱ እንዳለኝ ጋቢዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ሰውነቴን አሟሟቅኩ። ከሸማኔዎቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለው፣ የተዋሰውን ጦር አምጥቶ ሰጠኝ።

«በል እንግዲህ፤ አንተ ታወጣለህ፤ እኛ እንቀበልሃለን» አለ።

«ምን ነው የማወጣው?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አያትህን ነዋ!» አለ። «ያረሰውን፣ የተከለውን፣ ያዘነበትን! አንተ እየጠራህ፣ እኛ ‹ሆ› እያልን ነው የምንሮጠው። ምን መሰለህ? እንደ ፖሊስ ዝም ብለን ልንሮጥ ኖሯል?»

ሰዎቹ ሳቁ። የመጠገኛው ባለቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሮጥ አንድም ቀን አፍህን አልከፈትክም እኮ፤ እኔ ደግሞ ጨዋነት መስሎኝ» አለኝ።

በልጅነቴ ለቅሶ ሲወስዱኝ ከሴቶች ጋር ተቀምጬ የማየው የሯጮቹን እግር ነበር። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ግን ድምፅ ትንፋሽ እንደሚበላ የሚያውቅ የጮኸ ሰው ነው። ይህን ማንም ሊነግረኝ ያላሰበው ደግሞ የማያውቅ የጋሞ ወንድ አለ ብሎ የጠረጠረ ስለሌለ ነው።

እናቴን አየኋት። ፊቷ ገርጥቷል። «እየተራመድን እንግባ» አለችኝ በጋሞኛ፣ ለኔ ብቻ።

«አይሆንም» አልኳት።

ጋቢዬን ወደ ደረቴ አውርጄ፣ ጦሩን ከፍ አድርጌ ተነሳሁ። ሜዳው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሰው ነው፤ ወንዶቹ ዲንጉዛ የሚባለውን ባለቀለም የሽመና ልብስ ለብሰዋል፤ የአጎቴ ጭፍራ ማዶ ቆሞ ይጠብቀናል። «ቀርከሃውን የተከለው!» ብዬ ጮኽኩ። ከኋላዬ «ሆ!» አሉ። «ገብሱን የዘራው!» «ሆ!» የሜዳውን አንድ ጎን በዚህ ሄድን። ከዚያ ሦስተኛውን ልጠራ አፌን ስከፍት ምንም አልወጣም።

ምን እንደተፈጠረ አሁን ቁጭ ብዬ ማስረዳት እችላለሁ። የሚጣራ ሰው አየሩን ቆጥቦ፣ በጉሮሮው አንቆ፣ ረጅም አድርጎ ነው የሚያስወጣው፤ ለመሳብ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። የተቃጠለው አየር ይጠራቀማል፤ የሚገባው ደግሞ ስስ ነው። አንጎል ይጮሃል። ያኔ ግን ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግሮቼ ጤነኛ ናቸው፤ ፉጨትም የለም፤ ሆኖም ወይ መሮጥ ወይ መጥራት እንጂ ሁለቱን አልችልም። እርምጃዬ እየዘገየ ሄደ። ከኋላዬ ያሉት ጥሪ ሲያጡ ዝም አሉ፤ የእግር ድምፅ ብቻ ቀረ። ማዶ የቆሙት አንገታቸውን አሰገጉ።

በዚያ ዝምታ መሃል ከጭፍራው ጭራ የአንዲት ሴት ድምፅ ተነሳ።

«በረዶ ገብሱን ሲመታበት ደግሞ የዘራው!»

እናቴ ናት። ሦስት ሳምንት በነጠላ የታፈነ ድምፅ ነው። ወንዶቹ አንድ አፍታ ተደናገሩ፤ የጭፍራ ጥሪ ከወንድ ነው የሚወጣው። ከዚያ የሸመገለው ሸማኔ «ሆ!» አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ እኔም።

«ሆ» ቀላል ነው። አንዴ ነው፤ ከሆድ ነው፤ አየሩን ሙልጭ አድርጎ ያወጣል። ጠራርጎ ከወጣ በኋላ፣ እሷ ቀጣዩን እስክትጠራ ድረስ፣ አዲሱ ራሱ ይገባል። ሁለተኛው «ሆ» ላይ እግሬ ከድምፁ ጋር ተስማማ። ሦስተኛው ላይ ያ በር ተከፈተ። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌው ጭምር፣ በዚያ ስስ አየር ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚሮጥ እየሮጥኩ ገባኝ፤ ጥሪው እየሳበ፣ ተቀባዩ እያስወጣ፣ ጭፍራው በሙሉ በአንድ ልክ ይተነፍስ ነበር።

«ስምንት ነፍስ በአንድ በሬ ያሳደገው!»

«ሆ!»

«ትንፋሽ ያጠረውን ልጄን አዝሎ ዳገቱን የወጣው!»

ይህን ስትጠራ «ሆ» ማለት ከበደኝ፤ ከትንፋሽ ማጠር አልነበረም። ግን አልኩ። ሜዳውን ዞርን፤ እንደገና ዞርን። የአጎቴ ጭፍራ ጦሩን ነቅንቆ እየሮጠ መጣና ተቀበለን፤ ሁለቱ ጭፍራዎች ተደባለቁ።

በድንገት አልቆምኩም። ሌሎቹ ቆመው ሲላቀሱ እኔ በመሃላቸው ወዲያ ወዲህ እራመድ ነበር። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ወደ አጎቴ ጠጋ ብለው «የሴቲቱን ወገን ማን ነው ያስገባው? ልጁ ነው ወይስ እሷ ናት?» ሲሉ ሰማሁ።

«እሷ ጠራች፤ እሱ ሮጠ» አለ አጎቴ።

«እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አለ። ሮጠው ገብተዋል፤ በሬ አልነበሩም።»

እናቴ ሰዉን እየገፋች መጥታ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አዞረችኝ። ጎንበስ አልኩላት። ጆሮዋን በግራ፣ ከዚያ በቀኝ አደረገች። እኔም ሰማሁት፤ ከታች በቀኝ በኩል እንደ ትንኝ ያለች ቀጭን ፉጨት ነበረች። ጋቢውን አፌ ላይ መልሳ ጠመጠመችልኝ፤ ክኒኗን ከኪሴ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ከጀሪካኑም ውኃ ቀዳችልኝ። ውኃው እዚያ አለቀ። ፉጨቷ ቀስ በቀስ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ነው እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ስለ አባቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያለቀሰችው።

ስንመለስ አይሱዙው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ድምፅዋ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ባዶውን ጀሪካን ደጋው ላይ ሳለን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼው ስለነበር፣ ቀርከሃውን አልፈን ሙቀቱ ሲቀበለን ጎኖቹ መሰርጎድ ጀመሩ። በክርኗ ነካ አድርጋኝ በአገጯ አመለከተችው፤ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

መናገር አልወድም፤ እሷም ታውቃለች። ያን ቀን ግን እስክንደርስ ድረስ አወራኋት። ላይ ያለው አየር ስስ መሆኑን፣ ደም ኦክሲጅኑን እንዴት እንደሚሸከም፣ «ሆ» ሲባል ከሆድ በላይ ያለው ጡንቻ እንዴት እንደሚገፋ ነገርኳት። ዓይኗን ከጀሪካኑ ሳትነቅል አዳመጠችኝ።

ሲቀላ ስንደርስ እጇን ዘርግታ ክዳኑን ራሷ ከፈተችው። ጀሪካኑ አየሩን ሳበና ጎኖቹ «ዷ» ብለው ተመለሱ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋችበት፤ ከዚያ ቀና ብላ በሹክሹክታ፣ «ይኼም አያፏጭም» አለችኝ።